«ኖር» ያሰጠማት ጀልባ

ጀልባ የሰጠመበት ሰው አጋጥሟችሁ የማያውቅ ከሆነ እነሆ እኔን ተዋወቁ። ማዕበል አልመጣም፤ ከድንጋይም ጋር አልተጋጨንም። ከዳር ታስራ የቆመች ጀልባ፣ ያውም ረዥም ሰው ቢገባበት ደረቱን በማይነካ ውሃ ላይ፣ በምን ሰጠመች ብትሉኝ በጨዋነት ሰጠመች እላችኋለሁ። ልጄ ሳባ ይህንኑ ለኢንሹራንስ ሰዎች በስልክ ስታስረዳ ከወዲያ ያለችው ሴትዮ ደግማ አስነገረቻት። ቀጥላም «ለመሆኑ መጠጥ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጠላማ ነበር፤ ግን ገና አልተቀዳም።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የቸኮላችሁ ካላችሁ አውቶቡሳችሁ እስኪመጣ ድረስ ያለውን ያህል አንብቡ፤ እኛ ለንደን፣ ቶተንሃም ላይ አውቶቡስ ሲጠበቅ ከዚህም የረዘመ ነገር ይነበባል።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ለእኔ ውሃ ማለት በእንስራ ተቀድቶ የሚመጣ ነገር ነው። ዋና አላውቅም፤ ሰው ሲዋኝ ሳይ እስከ ዛሬ ድረስ ከውሃው ጋር የተጣላ ነው የሚመስለኝ። ለንደን ስገባ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛዬም ከዚያ በታች ነበርና ያገኘሁት ሥራ ወንዝ ዳር ባለ የጀልባ መጠገኛ ግቢ ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት በሰው ጀልባ ሆድ ሥር ተጋድሜ ስፍቅ ኖርኩ። ባለቤቱ አርጅቶ ሥራውን ሲተው ከግቢው ጥግ ተረስታ የኖረች አንዲት ጀልባ አሳይቶኝ «ከፈለግካት ያንተ ናት» አለኝ። ስሟ ዴዚ ነው። እንደ ባቡር ፉርጎ ረዥምና ጠባብ ናት። አልጋው፣ ምድጃው፣ መቀመጫው ሁሉ በሰልፍ ነው፤ ሁለት ሰው ሊተላለፍ ቢፈልግ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። የሳባ እናት ካረፈች፣ ሳባም ከከተማው ማዶ ዋይት ሲቲ ቤት ይዛ ከወጣች በኋላ ከካውንስሉ፣ ማለትም ከቀበሌው የተከራየነውን ቤት አስረከብኩና ዴዚ ውስጥ ገባሁ።

ሳባ ይህን ነገር አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። «አባዬ፣ ሰው እንዴት ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት በገመድ ታስሮ ያድራል?» ትለኛለች። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ አንዱን ክፍል ለእኔ ብላ አሰናድታለች። በየሳምንቱ ስትደውል የመጨረሻ ቃሏ «ክፍሉ ተዘጋጅቷል» ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር እኔን ትንሽ ያስፈራኛል። ልጄን አልጠላሁም፤ ልጄንማ እወዳታለሁ። ግን እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግረኝ ሊፍቱ ብቻ ነው። ውሃው ዳር ግን ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ባለጀልባዎቹ «ይህን ዝገት በምን ልፋቀው?» ብለው ይጠይቁኛል። ሰው ደግሞ እስከተጠየቀ ድረስ ሰው ነው።

እንግዲህ የሚካኤል ማኅበር አለን። አሥራ አራት ነን፤ በወር በወሩ በየተራችን ቤት እየተሰበሰብን ጸሎት አድርሰን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ጠላ ቀምሰን፣ ያልመጣውን ሰው አምተን እንለያያለን። ተራው እኔ ላይ ደረሰ። ሳባ «እኔ ቤት አድርገው፤ ሳሎኑ ሰፊ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የኩራት ነገር ሆኖብኝ «የራሴ ቤት እያለኝ በልጄ ቤት ማኅበር አልጠራም» አልኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አሥራ አራት ማኅበርተኛ ለአንዲት ጀልባ ምኗ እንደሆነ ግን የነገረኝ ተረት አልነበረም።

አሁን የሠራሁትን ሞኝነት ልናገር። ጀልባ የሚታሰርበት ገመድ ላላ ማለት አለበት። ውሃው ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እንድትል ነው። ይህን ሃያ ዓመት ለሌላው ሰው ስናገር ኖሬአለሁ። የዚያን ዕለት ግን እንግዶቼ ሲረግጧት እየተወዛወዘች እንዳታስደነግጣቸው ብዬ እንደ ደንባራ በቅሎ ጥርቅም አድርጌ ከዳር አሰርኳት። የጠላውን ጀሪካኖች ከመቀመጫው ሥር ደረደርኩ። ከኋላ በኩል ያለውን በር ደግሞ ዕቃ ከምሬበት ስለነበር መግቢያና መውጫው የፊተኛው ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ አስካለ ናት። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው። አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየችና «ይሄ ቤት ነው ወይስ የእርሳስ ማስቀመጫ?» አለችኝ።

«ይግቡ እንጂ፣ ሲገቡበት ይሰፋል» አልኳት።

«እኔ ስገባበት የሰፋ ነገር አይቼ አላውቅም» አለችና ገባች።

ሌሎቹም አንድ በአንድ ገቡ። አሥራ ሦስት ሆነን እንደ ክብሪት እንጨት ተደረደርን። የቀረው የማኅበራችን አለቃ ጋሽ ተሰማ ነው። የማኅበር አለቃ በእኛ ደንብ ሙሴ ይባላል። ጋሽ ተሰማ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከቤቱ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ እንዲደርስ አድርጎ ነው። በመጨረሻ የዱላው ድምፅ ተሰማ፣ በሩም ተከፈተ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

ያኔ አሥራ ሦስታችንም ብድግ አልን። «ኖር» አልን።

መነሳት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከዳር በኩል ያለው መቀመጫ የተሻለው ነውና እርሱን ለሙሴ ለቅቀን ሁላችንም ወደ ውሃው በኩል ተጠጋን። ዴዚ ወደዚያው ዘንበል አለች። ጀሪካኖቹ ከሥር ተንሸራተው ተከተሉን። ጠላም ጨዋ ሆኖ ሲነሳ የዚያን ቀን አየሁ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጡ» አለ ጋሽ ተሰማ ከበሩ ላይ ቆሞ።

«ኧረ ወደ ውስጥ ይለፉ።»

«እዚሁ ይበቃኛል፤ በሞቴ አትነሱ።»

«ምን ሲደረግ። እርስዎ በር ላይ?»

«ተቀመጡና እቀመጣለሁ።»

«ይቀመጡና እንቀመጣለን።»

ይህ ነገር በሌላ ቤት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰውም አይሞትበትም። ዴዚ ግን በውሃው በኩል ባለው ጎኗ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሏት። ሌላ ጊዜ ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብለው የሚቀመጡ ናቸው። እኛ ሙሴን ስንማጸን ቀዳዳዎቹ ከውሃው በታች ወረዱ። ገመዱ ላላ ብሎ ቢሆን ትንሽ ተንሸራታ ሚዛኗን ትይዝ ነበር። እኔ ግን አንድ ጎኗን ከዳር ጋር ጠፍንጌዋለሁ።

«እግሬን በረደኝ» አለች ወይዘሮ አስካለ።

«አንዱ ጀሪካን ፈሶ ይሆናል» አልኩ።

ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ ጠላ አይደለም። የእርስዎ ጠላ ቀጭን መሆኑን ባውቅም ይህን ያህልስ አይቀጥንም።»

ያኔ ገባን። በሌላ አገር ሰው ውሃ ሲገባበት ይሮጣል። እኛ ግን መውጫው አንድ በር ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ጋሽ ተሰማ አለ። እርሱ «ሴቶች ይቅደሙ» አለ። ሴቶቹ «ሙሴ ሳይወጣማ እንዴት ተደርጎ» አሉ። እኔ ጋባዡ ነኝ፤ እንግዳዬን ትቼ ልውጣ? ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አለፈ። የጥንቱ ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሕዝቡን አሻገረ፤ የእኛው ሙሴ በር ላይ ቆሞ «እናንተ ቅደሙ» ይላል። ውሃው ባታችን ላይ ሲደርስ «ይቅደሙ» ገና አላለቀም ነበር።

«በሉ እኔ ባለጌ ልሁን» አለች ወይዘሮ አስካለ። ጋሽ ተሰማን በጋቢው ጎትታ ከበሩ አወጣችው፤ እኛም ተከተልን። ከመካከላችን አንድ ባለጌ በመገኘቱ አሥራ አራታችንም ተረፍን።

ዳር ላይ ቆመን አየናት። ዴዚ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም ጫጫታ፣ ደክሟት እንደተቀመጠች ሴት ወረደች። ጣሪያዋ ብቻ ከላይ ቀረ። ድፎ ዳቦው በበሩ ተንሳፍፎ ወጣ። ዳክዬዎቹ ከወዲያ ማዶ ሳይቀር መጡ።

«ዝክሩን በሉት እኮ» አልኩ።

«ለነዳያን ነው፤ ይብሉ» አለች ወይዘሮ አስካለ።

ሳባ ተጠርታ መጣች። መጀመሪያ እኔን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችኝ። ከዚያ ጣሪያውን አየች። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የጋሽ ተሰማን እርጥብ ካልሲ ስታይ ተወችው።

«አባዬ» አለች፣ «ዲል እናድርግ። ጀልባዋ ሳትቀደድ ከወጣች እዚሁ ትኖራለህ፤ ሁለተኛ አንድ ቃል አልናገርም። ሆዷ ከተቀደደ ግን ሻንጣህን ይዘህ ዋይት ሲቲ። ኦኬ?»

«እሺ» አልኩ። ሻንጣዬም ቢሆን ያለው ውሃ ውስጥ ነበር።

ዴዚን የሚያነሳው ክሬን እስኪመጣ አሥር ቀን ሳባ ቤት ተቀመጥኩ። ሊፍቱ «በሩ ይከፈታል» ባለኝ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ አብረውኝ የሚወርዱት ጎረቤቶች ይሥቃሉ። በተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ በቁልፍ የሚታዘዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ራስጌውን ከፍ ላድርግ ብዬ ስጫን ግርጌውም አብሮ ተነሳና እንደ ሳምቡሳ አጠፈኝ። ሳባ መጥታ እስክትፈታኝ እንዲያው ጣሪያውን ስመለከት ቆየሁ። ነጠላ ጫማ በልኬ ገዝታ ከአልጋው ሥር አስቀምጣለች። የምወደውን ሬዲዮ ገዝታለች። ልጅቷ አንድም የዘለለችው ነገር የለም። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ መጥፎ ክፍል ቢሆን ለማምለጥ ይቀልል ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ክሬኑ መጣ። ከባድ መኪና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ጎማው ከእኔ ይበልጣል። ነጂው ዴቭ ይባላል፤ ጢሙ ነጭ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እጁ እንደ አካፋ። የዘወትር ሥራው ከመንገድ የተገለበጠ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ማንሳት ነው። መኪናው የብረት እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ከእግሮቹም ሥር ወፍራም ጣውላ ተነጥፎ፣ ገላዋን ልትታጠብ እንደተዘጋጀች ዝሆን ተንሰራፋ። መንገዱ ተዘጋ።

ዴቭ ዴዚን አየና «ስንት ሰው ነበር ውስጧ?» አለኝ።

«አሥራ አራት።»

«ሁሉም ቆመው?»

«ሽማግሌ ገባ።»

ትንሽ አሰበ። «እኔ ስገባ ውሻዬም አይነሳም» አለ።

ማኅበርተኛው በሙሉ ሊረዳ መጥቷል። መርዳት ስል መምከር ማለቴ ነው። ከተከለለው ገመድ ወዲህ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው «ወደ ግራ በለው»፣ «ቀስ በል በለው» እያሉ በአማርኛ ክሬን ይነዳሉ። ዴቭ ነገሩን ሊያስረዳን ወደ እኛ ሲመጣ ጢሙን አይተው ሁሉም ብድግ አሉ። «ኖር።» ዴቭ ደነገጠ፤ ወደ ኋላው ዞር ብሎ የመጣ ባለሥልጣን ካለ አየ። እርሱ ቆመ፣ እነርሱም ቆሙ። መንገዱ ተዘግቶ፣ አውቶቡሶች ከወዲያ ጥሩንባ እየነፉ፣ ሥራ ቀርቶ መተያየት ሆነ።

«በእግዜር በል፤ አለበለዚያ አይቀመጡም» አልኩት።

«ባግዜር» አለ። ተቀመጡ። ዴቭ ይህን ሲያይ በጣም ደስ አለው፤ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቃል ተናግሮ አሥራ ሦስት ሰው አስቀምጦ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ምክንያት እየፈጠረ ይመላለስ ጀመር።

ጠላቂው ገብቶ ሰፋፊ ቀበቶ ከሆዷ ሥር አሳለፈ። ክሬኑ ማንሳት ጀመረ። የዴዚ ፊት ከውሃው ብቅ አለ፤ ኋላዋ ግን አልመጣም። ደለሉ እንደ ለቅሶ ቤት ዘመድ አቅፎ ያዛት። ብረቷ ሲያቃስት ሰማሁ። ሳባ ከጎኔ ቆማለች፤ እጇን ሳላስበው ያዝኩት። ከመካከሏ ብትቆረጥ የእኔም ነገር እዚያው ላይ ተቆረጠ ማለት ነው።

ዴቭ ማንሳቱን አቆመና ከዳር ባለው ደለል ላይ አሳረፋት። ውሃዋ በፓምፕ ተመጠጠ። «ከኋላ በኩል ምን ጭነሃል?» አለኝ። «ድንጋይ ነው?»

«ምንም የለም፤ አንዳንድ ዕቃ ነው» አልኩ።

ሁለት ሠራተኞች ገብተው አንዳንዱን ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። እንግዲህ እኔ ዕቃ መጣል አልወድም። የማኅበሩ ብረት ድስቶች ወጡ። ሃያ ሁለት ወንበር ወጣ። የማይሠሩ ሦስት ማሞቂያዎች ወጡ። ቀጥሎ ሁለት ትልልቅ የጤፍ ዱቄት ከረጢቶች ወጡ፤ አሥር ቀን ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ተነፍተዋል፣ ቦክተው ቡልቅ ቡልቅ ይላሉ። ሽታው መንገዱን ሞላው። ሠራተኞቹ እንደ ፈንጂ ከሩቅ አስቀመጧቸው።

ወይዘሮ አስካለ ጠጋ ብላ አሸተተችና «እርሾው ጥሩ ይዟል» አለች።

ወዲያው ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። «ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ጎኗ የተለጠፈ ድስት የማን ናት?»

የእርሷው ናት። ይህችን ድስት ከሦስት ዓመት በፊት ጠይቃኝ «ሚካኤል ምስክሬ፣ አልወሰድኩም» ብዬ ምዬ ነበር፤ እውነትም አልወሰድኩም ብዬ ነበር ያመንኩት።

«ሚካኤል መሰከረ» አለች አስካለ።

የአንዱ ጃንጥላ ወጣ። የሌላው መሰላል ወጣ። የጋሽ ተሰማ ምርኩዝ፣ አውቶቡስ ላይ ጠፋብኝ ብሎ ሲያዝንባት የኖረው፣ ወጣች። ጋሽ ተሰማ በአዲሱ ዱላው እየጠቆመ «እኔ ደግሞ ሾፌሩን ነበር የረገምኩት» አለ። ዴዚ ስትራገፍ እኔም አብሬ ተራገፍኩ። በመጨረሻ ከሁሉ ሥር አንዲት ቀይ በርጩማ ወጣች። ሳባ ስድስት ዓመቷ ሳለ እየተቀመጠች እግሯን የምታወዛውዝባት ናት። ሳባ ተቀብላ ጭቃዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አስካለ «የሰውን ሁሉ ሰጥታችሁ ስታበቁ የራሱን አገኛችሁ» አለች።

ዴቭ እንደገና ሳበ። ደለሉ የመጨረሻ እንባውን አፍስሶ ለቀቀ። ዴዚ ከነሙሉ ቁመቷ አየር ላይ ወጣች፤ ሆዷ አረንጓዴ፣ ከቀበቶው ጫፍ አንድ የገበያ ጋሪና አንድ ብስክሌት ተንጠልጥለው።

«አባዬ፣ ይሄስ ያንተ ነው?» አለች ሳባ።

«ይሄስ የማኅበሩም አይደለም» አልኩ።

ረዥም ተጎታች መኪና ላይ ተጭና ወደ ድሮው የጀልባ ግቢ ጉዞ ሆነ። ዴቭ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከዚያ ከፍታ ቶተንሃምን አይቼ አላውቅም፤ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማን ጫማ እንደጣለ ሳይቀር ይታያል። ከኋላ ዴዚ፣ ከዴዚ ኋላ ማኅበርተኛው በአውቶቡስ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አንዲት አሮጊት መስኮቱን ቀና ብላ አይታ «ወዴት ነው የምትወስዷት?» አለች። ዴቭ «ሐኪም ቤት» አላት። አሮጊቷ አዘነች። እኔም አብሬያት አዘንኩ፤ ሐኪሙ የሚናገረውን እፈራለሁና።

ግቢው ባለቤቱ ቢለወጥም ሽታው ያው ነው። ዴዚን በግንድ ላይ አሳረፏት። የጀልባ ሆድ የሚመረመረው በመዶሻ ነው። በትንሽ በትንሹ እየመቱ ማዳመጥ ነው፤ ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፣ ውስጡ የተበላው ደግሞ እንደ ዱባ ድፍን ይላል። መዶሻ የያዘው ወጣት ሠራተኛ መታ፣ መታ፤ አላስቻለኝም። «አምጣው» አልኩት። ከሥሯ ገባሁ። ሃያ ዓመት የተኛሁበት ቦታ ነው፤ ጀርባዬ መሬቱን አወቀው። ከፊት ጀምሬ መታሁ። ደወል። መካከሏ ላይ መታሁ። ደወል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡኝ፤ ዴቭም ጎንበስ አለ። አንዱ «ሽማግሌው በጆሮው ያነብባል» ሲል ሰማሁ። ሳባ በርጩማዋን እንደታቀፈች ቆማለች።

ከኋላ፣ ቀበቶው ካረፈበት አጠገብ መታሁ። ዱባ።

እንደገና መታሁ። ዱባ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሳባ ደወልና ዱባ አትለይም። ዴቭም መኪና እንጂ ጀልባ አያውቅም። መዶሻውን ያቀበለኝ ወጣት ደግሞ የእኔን ፊት እንጂ ብረቱን አልሰማም። «ደህና ናት» ብዬ ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም። እዚያው ተጋድሜ ትንሽ ቆየሁ። ስምንተኛው ፎቅ በዓይኔ መጣ፣ ሊፍቱ መጣ፣ እንደ ሳምቡሳ የሚያጥፈው አልጋ መጣ። ግን ይህ ጆሮ ሃያ ዓመት ለሌላው ሰው ሲመሰክር ኖሮ ለራሴ ሲሆን ቢዋሽ፣ ነገ ማን ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ደግሞስ ያንን ሁሉ የሰው ዕቃ በአንድ ቀን ካስወጣሁ በኋላ የምደብቅበት ቦታ የት ቀረኝ?

ወጣሁና አቧራዬን አራገፍኩ። «ሳባዬ፣ እዚህ ጋ ሳስቷል» አልኳት። «አንድ መዳፍ ያህል ቦታ ነው። ውሃ ገና አላሳለፈም፤ ግን ዱባ ነው።»

ሳባ ወደ ወጣቱ ሠራተኛ ዞረች። «ይሠራል?» አለችው። «ብረት ተለጥፎ ይበየዳል፤ ሁለት ቀን ነው» አላት። ወደ እኔ ዞረች። ረዥም ጊዜ አየችኝ፤ የእናቷ ዓይን ነው።

«አባዬ፣ እኔ ያልኩት ከተቀደደ ነው» አለች። «ሳሳ አላልኩም።»

«ዲሉ ግን...»

«ዲሉን ቼክ አድርጌዋለሁ። ሳሳ የሚል የለም።»

ዴቭ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገባው መሰል፣ ባርኔጣውን አንስቶ «ባግዜር» አለ። ቦታው አልነበረም፤ ግን ማንም አላረመውም።

ዴዚ ተበየደች፤ ቀለሟን ራሴ ቀባሁ። ያው ክሬን፣ ያው ዴቭ አምጥቶ ከቦታዋ አሳረፋት። ማኅበሩ አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ ጀልባ ላይ ሲሆን ማንም እንዳይነሳ ሙሴ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ችግሩ ሌላው ማኅበርተኛ ከሙሴ ኋላ መድረስ ነውር ሆነበትና ከእርሱ ለመቅደም መሽቀዳደም ጀመረ። ባለፈው ተራዬ ወይዘሮ አስካለ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩን አንኳኳች። ድስቷን ይዛ ነበር የመጣችው፤ «አውሼዎታለሁ፣ ምስክር አለኝ» ብላ ሰጠችኝ።

ዴዚ ከውሃው በተመለሰችበት ቀን ግን የመጣችው ሳባ ብቻ ነበረች። ከዚያ በፊት ከበሩ አልፋ ገብታ አታውቅም፤ ዳር ቆማ ነበር የምታናግረኝ። ዳቦና አንድ አዲስ ሬዲዮ ይዛ ገባች። እኔ ውጪ ነበርኩ፤ ገመዶቹን እየዞርኩ ስመለከታቸው ቆየሁ። ስጨርስ ጎንበስ ብዬ በበሩ ገባሁ።

ሳባ ቀይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ ሰው ሲገባ ከስልኳ ቀና ካለች ትልቅ አክብሮት ነው። ስታየኝ ስልኳን አስቀመጠችና ተነሳች። ራሷ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«ኖር አባዬ» አለች።

ዴዚ ወደ ውሃው በኩል ትንሽ ዘንበል አለች።

«በእግዜር ልጄ» አልኩና ቶሎ ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ጀልባዋም ቀስ ብላ ተመለሰች። የዚያን ቀን ገመዱን ላላ አድርጌ ነበር ያሰርኩት።